መልስ፦ ምስሩን ጥሬውን ልመዝን ወይስ ወጡን?

እህቴ፣ የምበላውን የምመዘግብበት አፕ ለ100 ግራም ምስር አንዴ 25፣ አንዴ 9 ግራም ፕሮቲን እያለ ግራ አጋባኝ ብለሻል። ሁለቱም ልክ ናቸው። 25ቱ የ100 ግራም ደረቅ ምስር ነው፣ 9ኙ የ100 ግራም የተቀቀለ። ፕሮቲኑ የትም አልሄደም፣ ምስሩ ውኃ ጠጥቶ ከበደ እንጂ። ሥጋ ተገላቢጦሽ ነው፣ ውኃውን ይለቃል። የዶሮ ደረት ጥሬው በ100 ግራም 22 ገደማ ሆኖ ሲበስል ወደ 31 ይጠጋል።

እኔ አንድ ወር ሙሉ 200 ግራም ወጥ እየመዘንኩ "ደረቅ ምስር" ላይ ስመዘግብ ከርሜያለሁ። 50 ግራም በላሁ ብዬ ስኩራራ፣ ለካ ግማሹን እንኳ አልደረስኩም!

ለወጥ የሚሻለው ጥሬውን መመዘን ነው፣ ምክንያቱም የአንቺ ወጥ ቅጥነትና የአፑ "የተቀቀለ ምስር" አይገናኙም። ባዶ ድስቱን መዝኚና ጻፊው። ምስሩን ደረቁን መዝኚ፣ 300 ግራም ይሁን፣ 75 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። ሽንኩርቱንም ዘይቱንም ለየብቻ መዝግቢ፣ በተለይ ዘይቱን፣ እጃችን አይታመንምና። ሲበስል ከነድስቱ መዝነሽ የድስቱን ቀንሺ። ወጡ 1200 ግራም ከወጣው፣ 300 ግራም ስትጨልፊ ሩቡን ወሰድሽ፣ ወደ 19 ግራም ፕሮቲን። ሽሮም እንደዚሁ፣ ዱቄቱን ነው የምትመዝኚው።

ሲቀቀል ቫይታሚኑ ይጠፋል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ፎሌትን የመሳሰሉ ቫይታሚኖች ወደ ውኃው ይወጣሉ። ወጥ ላይ መረቁን ስለምትበይው ብዙም አያሳስብም፣ ጎመን ቀቅለሽ ውኃውን ስትደፊ ግን አብሮ ይሄዳል።