ኮምፒውተር ሲነሳ አብረው የማይነሱ ፕሮግራሞች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። በዚህ ጉዳይ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን እነሆ።

ጥያቄ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ ጋሼ፣ የሱቄ የሒሳብ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ አይከፈትም። በእጄ ስከፍተው ግን ፈቃድ ይጠይቀኝና ይሠራል።

መልስ፦ ምክንያቱ ያ ፈቃድ ነው። ፕሮግራሙ የአድሚን (የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ) መብት ይፈልጋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ከቪስታ (እ.ኤ.አ. 2007) ወዲህ እንዲህ ያለውን በስታርትአፕ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚከፈቱት ዝርዝር) በኩል አያስገባም። ታስክ ስኬጁለር (ሥራን በራሱ የሚያስጀምረው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ውስጥ ገብተህ «ክሪኤት ታስክ» በል፤ «ቤዚክ» ያለበትን ተወው። «ራን ዊዝ ሃየስት ፕሪቪሌጅስ» ላይ ምልክት አድርግ፣ ትሪገርስ ላይ «አት ሎግ ኦን» ምረጥ፣ አክሽንስ ላይ ፕሮግራሙን አሳየው። ፈቃድ ጠያቂውን ጨርሰህ ዝጋው የሚሉህን ግን አደራ፣ አትስማ። ለሒሳብህ ብለህ የከፈትከው በር ለቫይረስም ይከፈታል።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ እኔም ለፕሮግራሜ ታስክ ሠርቼለት ነበር። አንድ ቀን ይነሳል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ላፕቶፕ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የሚቀርባቸው ቀኖች መብራት የጠፋባቸው አይደሉም? በዚያው ታስክ «ኮንዲሽንስ» የሚል ገጽ አለ። ቻርጀር ሲሰካ ብቻ ጀምር የሚለው ሳጥን ከመነሻው ምልክት ተደርጎበት ይመጣል፤ በባትሪ ስትከፍቺው ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ምልክቱን አንሺው። ይህቺ ሳጥን እኔንም አንድ ሙሉ ከሰዓት አድክማኛለች።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ ኮምፒውተሩን በከፈትኩት ቁጥር «ስክሪፕት ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ይመጣል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ አይዞህ። ብዙ ጊዜ ይህ የፍላሽ ቫይረስ ትራፊ ነው፤ ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው። አንቲቫይረሱ ፋይሉን አጥፍቶታል፣ «ሲነሳ ክፈተው» የሚለው ትእዛዝ ግን ቀርቷል። አውቶራንስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም አውርድ፤ ፋይላቸው የጠፋውን ቢጫ አድርጎ ያሳይሃል። መልእክቱ ላይ ያነበብከውን ስም ፈልገህ ምልክቱን አንሳ እንጂ አትሰርዘው፤ ብትሳሳት ትመልሰዋለህ። ፍላሾችህንም በሙሉ ስካን አድርግ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የሚመለሰውን በተለይ። አለዚያ ነገ ያው ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ለመነሳት ብዙ ይቆያል። ስታርትአፑን ሁሉ ባጠፋውስ?

መልስ፦ ሁሉንም አይሆንም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን፣ ታስክ ማናጀር ይከፈትልሃል፤ ስታርትአፕ ገጹ ላይ «ሃይ» የተባሉትንና ወዲያው የማትፈልጋቸውን ዲስኤብል አድርግ። ከኮምፒውተሩ አይጠፉም፣ ስትፈልግ ትከፍታቸዋለህ። አንቲቫይረሱንና የአማርኛ መጻፊያውን አትንካ። እንዲያም ሆኖ ካልፈጠነ፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዲስክ) ቀይረው።