ክሩን እየተረተረ የሚበር ድሮን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ ስለ ወታደራዊ ሮቦትና ድሮን ናቸው፤ አንድ ላይ ብንመልሳቸው ይሻላል ብለናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ባለ አራት እግር ሮቦት ሰው ሲገፈትረው ተንገዳግዶ ሲቆም የሚያሳይ ቪዲዮ ካየሁ ቆየሁ። ለጦር ነው ተብሎም ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ የት ደረሰ? ወይስ ለማስታወቂያ ብቻ ነበር? (የምህንድስና ተማሪ ነኝ)

መልስ፦ ቪዲዮው ውሸት አይደለም ወንድሜ። ግን ማን ቀረጸው? ሠሪው ራሱ። አሥር ጊዜ ወድቆ አንዴ ቢቆም፣ ላንተ የሚደርስህ የቆመባት ናት።

ያየኸው ቢግዶግ ሳይሆን አይቀርም፤ ቦስተን ዳይናሚክስ በ2005 ይፋ ያደረገው ነው። ከእሱ በኋላ ኤልኤስ3 የሚባል ተለቅ ያለ መጣ፣ 180 ኪሎ ገደማ ተሸክሞ ከወታደር ኋላ እንዲከተል የታሰበ፣ የብረት በቅሎ በለው። በ2014 የአሜሪካ ማሪኖች ሃዋይ ላይ በነበረ ልምምድ ይዘውት ወጡ። መሸከሙን ተሸከመ። ጉዱ ሌላ ነው፦ የሚሠራው በቤንዚን ሞተር ስለነበር እንደ ሣር ማጨጃ ማሽን ይጮሃል። ጠላት እንዳይሰማው አድፍጦ የሚሄድ ወታደር ይህን አስከትሎ የት ሊደርስ ነው? በ2015 በዋናነት በጩኸቱ ምክንያት ወደ ጎን ተባለ። ሸክም በሚዛን ይለካል፤ አብሮ መሄዱ እንዴት ነው የሚለውን ግን አብሮት የሄደ ሰው ብቻ ነው የሚነግርህ።

ከዚህ የባሰው የሩሲያው ዩራን 9 ነው። ሰው የማይገባበት ትንሽ ታንክ ነው፣ 30 ሚሊ ሜትር መድፍና ፀረ ታንክ ሚሳይል የጫነ። በሰልፍ ላይ ሲታይ ያስፈራል። ሶሪያ ወስደው ሲሞክሩት ግን ሌላ ሆነ። በ2018 የሩሲያ የራሷ ወታደራዊ ተመራማሪዎች እንደተናገሩት፣ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይታዘዛል የተባለው ማሽን ቤቶች መሃል ሲገባ ከ300 እስከ 500 ሜትር ላይ ሲግናሉ ይጠፋ ነበር። ደጋግሞ ለደቂቃ ያህል ይቋረጣል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ። ታጥቆ መንገድ ላይ ቆሞ የማይሰማህ ታንክ ማለት ነው! እየሄደ መተኮስም በደንብ አልቻለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ እንዲያውም ከተሳካ ቪዲዮ ይልቅ ሰው ፊት የወደቀ ሙከራ ደስ ይለኛል። በ2004 የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ ሞሃቪ በረሃ ላይ ሹፌር የሌላቸውን መኪኖች አወዳደረ። መንገዱ 228 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሽልማቱ አንድ ሚሊዮን ዶላር። ከሁሉም ርቆ የሄደው 12 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም፤ ብሩን የወሰደ የለም። በዓመቱ ግን አምስት መኪኖች ጨረሱ። አንደኛ የወጣው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መኪና ነበር።

ጥያቄ፦ ዩክሬን ውስጥ ድሮን በክር ታስሮ ይበራል ሲባል ሰማሁ። ካይት ነው እንዴ? ቀልድ መስሎኝ ነበር። (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ቀልድ አይደለም እህቴ፣ ግን ያሳቀሽ ይገባኛል። የዛሬ ድሮን ክር መጎተቱ ወደ ኋላ መሄድ ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመነጽር እያዩ የሚያበሯቸው ትንንሽ ድሮኖች የሚታዘዙት በሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ጃም ይደረጋል። ጠላት በዚያው ሞገድ ላይ ይጮህበታል፣ ስክሪኑ በረዶ ይሞላል፣ ድሮኑ ይወድቃል። ስለዚህ ሬዲዮውን ትተው ፋይበር ኦፕቲክ አሰሩለት። ክሩ መስታወት ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ። ትእዛዙና ምስሉ በብርሃን ነው የሚመላለሰው፣ ስለዚህ ጃም የሚደረግ ነገር የለም፤ ሬዲዮ ስለማይለቅም የሬዲዮ ሞገድ በሚያነፍንፍ መሣሪያ ለማግኘት ይቸግራል። ጥቅልሉ የሚታሰረው ከድሮኑ ጋር ነው እንጂ መሬት ላይ አይቀመጥም። መሬት ላይ ቢሆን ክሩን እየጎተተ ሄዶ ይበጥሰዋል። አሁን ግን እየበረረ ይተረትረዋል፣ ክሩም በወደቀበት ይቀራል። በ2024 በስፋት መጠቀም ከተጀመረ ወዲህ አንዳንድ ማሳና ዛፍ ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የለበሰ ይመስላል።

ጉድለትም አለው። ጥቅልሉ ይከብዳል፣ ስለዚህ ፈንጂው ይቀንሳል። ቅርንጫፍ ላይ ከተጠመጠመ አለቀለት።

አያቱን ላስተዋውቅሽ? ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጎልያድ የሚባል፣ ቁመቱ ከጉልበት ብዙም የማያልፍ ባለ ሰንሰለት ሮቦት ነበራቸው። 60 ኪሎ፣ በኋላም 100 ኪሎ ፈንጂ ተሸክሞ እየተንቀራፈፈ ይሄድና ይፈነዳል። ሽቦውን ከኋላው እየለቀቀ ነው የሚሄደው። በ1944 በጀርመኖች ላይ የተነሱት የፖላንዷ ከተማ የዋርሶ አማፅያን መላውን ቶሎ ደረሱበት፦ ታንኩን ትተው ሽቦውን መቁረጥ። ሽቦ ይቆረጣል ተብሎ ወደ ሬዲዮ ተሄደ፣ ሬዲዮ ይጨናነቃል ተብሎ ወደ ክር ተመለሰ። ስንት ሙከራ፣ ስንት ገንዘብ የፈሰሰው ማሽኑ ላይ ነው፤ የሚያስቸግረው ግን በማሽኑና በሰውየው መካከል ያለችው ነገር ናት።

ጥያቄ፦ ሰው ሳያዝዘው በራሱ ወስኖ የሚተኩስ መሣሪያ አለ? የሚከለክል ሕግስ? (አንድ አባት)

መልስ፦ አለ፣ አባታችን፤ አዲስም አይደለም። ፋላንክስ የሚባለው የመርከብ መድፍ ከ1980 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ነው። ሰው ካበራው በኋላ በራዳሩ ያያል፣ ይከተላል፣ ይተኩሳል። ወደ መርከቡ የሚመጣ ሚሳይል የሰው ጣት እስኪደርስ አይጠብቅማ።

የሚያሳስበው ከላይ ካልነው ጋር ይያያዛል። ሲግናሉ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ሠሪዎቹ ‹‹እንግዲያው ራሱ ይወስን›› ማለታቸው አይቀርም፤ እያሉም ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ይሳሳታል። በ2003 የኢራቅ ጦርነት ላይ ፓትሪዮት የሚባለው የአሜሪካ ፀረ አየር ሚሳይል የብሪታንያን ቶርኔዶ ጄት መትቶ በውስጡ የነበሩትን ሁለት ሰዎች ገደለ። ወገን ነበሩ፣ ወደ ሰፈራቸው እየተመለሱ። ኮምፒውተሩ ጄቱን የሚመጣባቸው ሚሳይል ነው አለ፣ ወታደሮቹ ለማሰብ ጊዜ አልነበራቸውም፣ አመኑት። ስለዚህ ‹‹ሰው አለበት›› ሲባሉ ቶሎ አይረኩ። ሰውየው ስንት ሴኮንድ እንዳለው ይጠይቁ።

ሕጉን በተመለከተ አጭር ነኝ፣ ምክንያቱም የሚያስገድድ የለም። ጄኔቫ ላይ ከ2014 ጀምሮ ይመከራል። በታኅሣሥ 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው የሚል ውሳኔ ሲያሳልፍ 152 አገሮች ደግፈውታል። አሜሪካ ከ2012 ጀምሮ የራሷ መመሪያ አላት፤ ተገቢ የሰው ፍርድ ይኑር ይላል እንጂ አይከለክልም።

ጥያቄ፦ ድሮን የሚለው ቃል ምን ማለት ነው? (የ9ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ድንጉላ ንብ ማለት ነው። እንግሊዞች በ1935 አካባቢ ኩዊን ቢ፣ ማለትም ንግሥት ንብ፣ ብለው የሰየሙት በሬዲዮ የሚበር አውሮፕላን ነበራቸው፤ ሥራው የፀረ አውሮፕላን ተኳሾች እንዲለማመዱበት ዒላማ መሆን ነበር። ስሙ የመጣው ከእሷ ነው ይባላል። ንብ የሚያነቡ ሰዎች እንደሚነግሩህ ድንጉላ መንደፊያ የለውም። ያኔ ስሙ ልክ ነበር።