ባሌን ለሰርግ ላስ ቬጋስ ልውሰደው ወይስ ላስቀረው?

ጤና ይስጥልኝ፣

አምድዎን ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ አነባለሁ። እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉን። ታናሽ ወንድሜ ላስ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ በሌበር ዴይ (በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን) ሰሞን ሰርጉ ነው። እናታችንም ቪዛ አግኝታ ከደሴ መጥታ እኛ ጋ ናት። የሀበሻ ቀሚሷን አስር ጊዜ አውጥታ አስር ጊዜ ትመልሳለች። ቤቱ ሁሉ ደስታ ነው፣ ከእኔ በስተቀር።

ችግሬ ባሌ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹን ይወዳል፣ ሥራ አይሰለቸውም። ኤርፖርት ሲሠራ ሺፍቱን እየጨረሰ ከጓደኞቹ ጋር ብላክ ሆክ፣ እዚሁ ኮሎራዶ ካዚኖ ያሉበት ከተማ፣ መውጣት ጀመረ። ኋላ ብቻውን ሆነ። እኔ ያወቅሁት የዕቁብ ዕጣችን ከደረሰን በኋላ ነው። ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ያልነው ገንዘብ ካዚኖ ገብቶ ቀረ። ዕቁቡ እስኪያልቅ ድረስ ከደሞዜ እየቀነስኩ ጣልኩ። ሰብሳቢውም፣ ዋሳችንም፣ የገዛ ወንድሜም እስከ ዛሬ አያውቁም።

እሱ አልቅሶ፣ ምሎ ተገዝቶ አቁሟል። ከዚያ ወዲህ እኔ እስከማውቀው አልሄደም። ደሞዙ ቤት ይገባል። ስልኩን መፈተሽ ትቻለሁ ባልልም ቀንሻለሁ።

አሁን ወንድሜ ለቤተሰቡ በሙሉ ስትሪፑ (ትልልቆቹ ካዚኖዎች የተደረደሩበት ጎዳና) ላይ፣ ካዚኖ ያለበት ሆቴል ክፍል ሊይዝልን ነው። ከሰርጉ በፊት ወንዶቹ ለባችለር፣ ለሙሽራው የወንደላጤነት ስንብት፣ እዚያው ያመሻሉ፤ ባሌንም «አንተ የሌለህበት ምን ባችለር ነው» ብሎታል። ባሌ ደግሞ ባለፈው እየሳቀ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድምሽ ለምን ይከፍላል? እኔን እኮ እስካሁን ያከብሩኛል፤ የነፃ ክፍል ኢሜይል ይልኩልኛል።» እሱ እንደ ቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ያሰብኩት «ሥራ ቦታ ፈቃድ ከለከሉት» ብዬ እሱን አስቀርቼ እናቴንና ልጆቹን ይዤ መሄድ ነው። ግን የሙሽራው እህት ባል ሳይገኝ ሰው ምን ይላል? ወይስ ለወንድሜ እውነቱን በድብቅ ነግሬ እንዲጠብቅልኝ ላድርግ? ደግሞም እናቴ ከተማውን ሰዶም ነው ብለው ነግረዋታል፤ «ሰርጉን አይቼ በማግስቱ መልሱኝ» ትላለች። እሷን እዚያ ምን አሳያታለሁ?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከኦሮራ

*

እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ስለዚያ ኢሜይል እናውራ። እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነው፤ ደግሞም እውነትሽን ነው።

ካዚኖ ለማንም በከንቱ ክፍል አይሰጥም። ባልሽ ሲጫወት የአባልነት ካርድ አውጥቷል። ማሽኑ ላይ የሚሰካ፣ ጠረጴዛው ላይ ለአጫዋቹ የሚሰጥ ካርድ ነው። በዚያ ካርድ በአማካይ ስንት እንዳስያዘ፣ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ፣ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደመረጠ ይመዘገባል። ከዚያ ኩባንያው ይህ ሰው በሂሳብ ስንት ሊበላለት እንደሚገባ ያሰላል። የነፃው ክፍል፣ የነፃው እራት፣ የነፃው ትርዒት ዋጋ ከዚያ ላይ ተቆንጥሮ የሚመለስ ነው። ሂሳቡ ምስጢር የለውም። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ሩሌት፣ ኳስ የሚሽከረከርበት የቁማር መንኮራኩር፣ 38 ቤት አለው፤ ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች፣ ዜሮና ድርብ ዜሮ። አንድ ቁጥር ላይ ያስያዘ ሰው ቢያሸንፍ የሚከፈለው ግን 35 እጥፍ ነው። ያቺ ልዩነት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 5 ዶላር ከ26 ሳንቲም ያህል ለካዚኖው ታስቀራለች። ካዚኖው ማጭበርበር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ሰውየው ሳይነሳ እንዲቆይ ብቻ ነው። ኢሜይሉ የሚመጣው ባልሽ ብዙ ስለቆየ ነው። አክብሮት ነው ብሎ ካመነ እዚያ ላይ ገና ያልተዘጋ በር አለ።

ስለዚህ ከትኬት በፊት አንድ ሥራ አለው። የካርዱ አካውንት ይዘጋ። አንዳንዶቹ ኩባንያዎች ብላክ ሆክም ቬጋስም ካዚኖ ስላላቸው አንዱ ካርድ ሁለቱም ጋ ይሠራል። የኔቫዳ የቁማር ደንብ ካዚኖዎች ደንበኛ ራሱ ሲጠይቃቸው ማስታወቂያ መላክ፣ ብድር መስጠትና ቼክ መመንዘር የሚያቆሙበት አሠራር እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከነጭራሹ «አታስገቡኝ» ብሎ መመዝገብም ይፈቅዳሉ። ማመልከቻው ለየኩባንያው ለየብቻ ነው። አንቺ አትሙይለት። እሱ ቁጭ ብሎ፣ በገዛ እጁ ይሙላው። «እሺ» ለማለት የሚወስድበትን ጊዜ ብቻ ተመልከቺ፤ ስልኩን ከመፈተሽ የበለጠ ይነግርሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ፈቃድ ከለከሉት ብለሽ ማስቀረቱን አልደግፍም። ለባልሽ አዝኜ አይደለም። አንደኛ፣ ከቬጋስ ብታስቀሪው ከቁማር አላስቀረሽውም። ብላክ ሆክ ከቤታችሁ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። የስፖርት ውርርድም ኮሎራዶ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2020 ግንቦት ጀምሮ ሕጋዊ ስለሆነ አልጋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ መጫወት ይችላል። አንቺና ልጆቹ ሰርግ ላይ ስትጨፍሩ እሱ ባዶ ቤት፣ የተገለለ ሰው ሆኖ ብቻውን ይቀመጣል። ከሁለቱ የቱ እንደሚያስፈራኝ ብትጠይቂኝ የኦሮራው ሳሎን ነው። ሁለተኛ፣ አንቺ ምስጢር ተሸክመሽ ደክመሻል። ያንን ሁሉ ዕቁብ ብቻሽን ጥለሽ፣ ዋሳችሁ ፊት እየሳቅሽ ኖረሻል። ያኔ ሌላ መንገድ አልታየሽ ይሆናል፤ አልፈርድብሽም። አሁን ግን በእናትሽና በወንድምሽ ፊት አዲስ ውሸት ልትጨምሪበት ነው፤ ያውም ሰርግ በሚያህል ጉዳይ ላይ፣ አክስት አጎቱ ሁሉ «የት ቀረ?» በሚልበት ቀን።

እሱን ጠይቂው። «መሄድ ትችላለህ?» በይው፤ «ትሄዳለህ?» አላልኩም። ያቆሙ ሰዎች አንዳንዶቹ «እዚያ ከተማ አልችልም» ይላሉ፤ ያንን ያለ ሰው ሊከበር ይገባዋል። እንደዚያ ካለ ይቅር። ለቤተሰቡም «ተነጋግረን የወሰነው ነው» ማለት ይበቃል። እሄዳለሁ ካለ ደግሞ የሚሄድበትን ሁኔታ አብራችሁ አዘጋጁ።

ሁኔታውን ቀለል አድርገሽ እንዳታስቢው። ላስ ቬጋስ የቁማር ማሽኑ የሚጀምረው ኤርፖርቱ ውስጥ ነው፤ ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ፣ ሻንጣ ሳትቀበሉ፣ ሲጮህና ሲያብረቀርቅ ታገኙታላችሁ። ማደያው ጋ አለ፣ ወተት የምትገዢበት ሱቅ በር ላይ አለ። ኔቫዳ ቁማርን ሕጋዊ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ከተማው አብሮት አድጓል። ስለዚህ ከስትሪፑ ብንርቅ ከቁማር እንርቃለን የሚለው ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። የሆቴሉ ጉዳይ ግን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ካዚኖ ባለበት ሆቴል ወደ ክፍላችሁ ለመውጣት፣ ቡና ለመጠጣት፣ ልጁን ሽንት ቤት ለመውሰድ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በመጫወቻው አዳራሽ መሐል ነው መንገዱ። ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው በሊፍት ቢወርድ የሚያገኘው እሱኑ ነው። ለሚጫወት ሰው መጠጡም በነፃ ይቀርባል።

ካዚኖ የሌላቸው ሆቴሎች እዚያው ስትሪፑ አካባቢ አሉ። ቪዳራ አንዱ ነው፣ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሌላው፤ ርካሽ ናቸው አልልሽም፣ በሌበር ዴይ ሰሞን ደግሞ የባሰ ነው። ከስትሪፑ ወጣ ያሉ፣ ኩሽና ያላቸው ተራ ሆቴሎችም ሞልተዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የወንድምሽ ወይም የሙሽራዋ ዘመዶች ቤት ነው። ሀበሻ ለሰርግ መጥቶ ሆቴል ማደር የጀመረው መቼ ነው? እናትሽም ከሃያኛ ፎቅ ይልቅ ሽንኩርት የሚላጥበት ቤት ብታድር ደስ ይላታል።

ለወንድምሽ በድብቅ መንገሩን ተይው። ባልሽ ራሱ ይንገረው። የዕቁቡን ታሪክ ከነዝርዝሩ ማውጣት የለበትም፤ «ቁማር ጎድቶኝ ነበር፣ አቁሜያለሁ፣ ካዚኖ አልገባም፤ እራቱ ላይ ግን አልቀርም» ማለት ይበቃል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ በእኛ ማኅበረሰብ ሰካራም ከሚሉት ቁማርተኛ ቢሉት የሚያፍር ወንድ ብዙ ነው። ሰሚው ግን የቬጋስ ታክሲ ነጂ መሆኑን አትርሺ። ወንድምሽ በሳቅ የመጣውን እንግዳ ከኤርፖርት ያመጣል፣ አንገቱን የደፋውን ደግሞ ይመልሳል፤ ሂሳብ እንኳ አጥሮት የሚለማመጥ ሳያጋጥመው አይቀርም። ስለዚህ ጉዳይ ከአንቺም ከእኔም በላይ ያውቃል፤ አይደነግጥም። ምናልባትም ባችለሩን ራሱ ያዛውረዋል። ክትፎ ቤት አምሽቶ ለመጨፈር ስትሪፕ አያስፈልግም። በዚያች ከተማ የሀበሻ ምግብ ቤት አይቸግርም፤ ክላርክ ካውንቲ እኮ አንዱን ሰፈር ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሞታል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ የባንክ ካርዱን ከኪሱ አትስረቂ። እሱ «አንቺ ያዥልኝ» ካለሽ ግን አትግደርደሪ፣ ያዥ። የሰርጉን ስጦታ አስቀድማችሁ ላኩት፤ ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ይዞ እንዳይሄድ። የጋምብለርስ አኖኒመስ፣ ቁማርን ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር፣ ስብሰባ ቬጋስ ውስጥ በየቀኑ አለ፤ አንዱን ሰዓትና ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት ቢይዘው ጥሩ ነው፣ ባይጠቀምበት እንኳ። ለቁማር ችግር የሚደወልበት የእርዳታ ስልክ ደግሞ 1-800-426-2537 ነው፤ አንቺም ልትደውይበት ትችያለሽ፣ ለቁማርተኛው ብቻ አይደለም።

ካርዱን አልዘጋም፣ ለማንም አልናገርም፣ ነፃውን ክፍል እወስዳለሁ፣ ባችለሩም ላይ አድራለሁ ካለሽስ? ያኔ አቁሟል የሚለውን ቃል ትተሽ በዓይንሽ ያየሽውን እመኚ። አንቺ ከልጆችሽና ከእናትሽ ጋር ሂጂ። የቤቱን ገንዘብ በስምሽ ወዳለ አካውንት አዙሪ። ለሚጠይቅሽም ሰበብ አትፍጠሪለት።

እናትሽን በተመለከተ ብዙ አትጨነቂ። ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ቅዳሴ አለ። የሀበሻ ሱቅ ገብታ በርበሬውን አሽታ «ይሄማ የኛ ነው» ስትል የሰዶሙ ወሬ ይረሳል። ማታ የቤላጂዮ ሆቴልን ፏፏቴ አሳዪያት፤ ውሃው በሙዚቃ ሲጨፍር ከመንገድ ዳር ቆመሽ በነፃ ታይዋለሽ፣ በር ማለፍ የለም። ቀን ግን ሙቀቱ በመስከረም መጀመሪያም ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣልና አስፋልት ላይ አታንከራትቻት። በጠዋት፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ መንገድ ሁቨር ግድብ ውሰዷት፤ ባልሽ ይንዳ። ግድቡ 221 ሜትር ቁመት አለው፤ የኛ ህዳሴ ከዚያ ያጥራል። እናትሽ ቅር እንዳይላት ውሃውንም ንገሯት፤ ህዳሴ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፣ ከሁቨር ጀርባ ያለው ሚድ ሐይቅ ሞልቶ እንኳ ግማሹን ያህል ነው። ዛሬ ደግሞ ሞልቶ አይደለም፤ ውሃው የነበረበት ከፍታ ድንጋዩ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል።

ልጆቹን አልጠየቅሽኝም እንጂ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ካዚኖ ውስጥ ማለፍ እንጂ መቆም አይፈቀድለትም። ለባልሽም ጥሩ ሰበብ ነው፤ ትንሿን በእጁ ይያዛት።