ፕሌቱን ለማጠብ አትቸኩሉ፦ የሞኖፕሪንት ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከሥነ ጥበብ ተማሪዎች የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሞኖፕሪንት ናቸው። ፕሌት በምንለው ዝርግ ነገር (መስታወት፣ ፕላስቲክ ወይም ጄላቲን) ላይ ቀለም ተቀብቶ፣ ወረቀት ተጭኖበት አንድ ብቻ ስለሚወጣው ህትመት ማለት ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሠራሁት መስመር ሲታተም ይጨፈለቃል። ችግሩ ወረቀቱ ይሆን?

መልስ፦ ወረቀቱ ምንም አላጠፋም፣ ቀለሙ በዝቶብሽ ነው። ትርፍ ቀለም ሲጫኑት መሄጃ ይፈልጋል፤ ጠርገሽ ነጭ ያደረግሽውን ቦታ ይሞላዋል። ሮለሩን ስታንከባልዪ ድምፁን ስሚ። እንደ እርጥብ ጭቃ ከጮኸ ወፍሯል፤ ስስ ‘ሽሽሽ’ ካለ ይበቃል። ዓይንሽ ‘ጨምሪ’ ቢልሽም እሺ አትበዪው። ወረቀቱን ቀለም የተቀባው ፕሌት ላይ አስተኝተሽ ከጀርባው በእርሳስ የምትስዪ ከሆነማ ቀለሙ የባሰ ይሳሳ። መዳፍሽንም አታስደግፊ፣ የነካሽው ሁሉ ይታተማል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ጎጋን ከ1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ዘዴ ሲሠራ፣ እነዚያን የሻገቱ የሚመስሉ ጥላዎች ወዷቸው ነበር። አንቺም ከወደድሻቸው ተያቸው።

ጥያቄ፦ ካተምኩ በኋላ ፕሌቱ ላይ የሚቀረው ቀለም ያሳዝነኛል። በሌላ ወረቀት ብደግመው ማጭበርበር ነው?

መልስ፦ ኧረ ምን ማጭበርበር አለው! ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ደጋ ያንን ፈዛዛ ሁለተኛ ህትመት እያወጣ በላዩ ላይ በፓስቴል፣ ማለትም ጠመኔ በሚመስል ቀለም፣ ይሠራበት ነበር። ብርሃንና ጥላው ከሥር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፣ እሱ ከላይ ቀለሙን ይጨምራል። ለመማር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ቅጠል ወስደህ ጅማቱ ጎልቶ የሚታየውን ገጽ ወደ ቀለሙ አድርገህ አስቀምጥና አትም። መጀመሪያ የሚወጣው ባዶ የቅጠል ቅርጽ ነው። ከዚያ ቅጠሉን ቀስ ብለህ አንሳና አዲስ ወረቀት አሳርፍበት፣ ትንሽ ጠንከር አድርገህ እሸው። ከቅጠሉ ሥር ተደብቆ የቆየው ቀለም ጅማቱን አንድ በአንድ ይዞ ይወጣል። ምረጥ ብባል ሁለተኛውን ነው ግድግዳ ላይ የምሰቅለው። ፕሌቱን ወዲያው የሚያጥብ ሰው ይህን አያየውም።

ጥያቄ፦ ጄላቲን ላይ አክሬሊክ ስጠቀም ሳላትም ይደርቅብኛል።

መልስ፦ አክሬሊክ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ነው፣ ቶሎ መድረቅ ጠባዩ ነው። መድረቂያ ጊዜውን የሚያዘገይ ፈሳሽ ቀላቅዪበት፣ ወይም ትንሽ ትንሽ ቦታ ሥሪ። የደረቀውንም አትፋቂው። ስስ አዲስ ቀለም በላዩ ቀቢና ወረቀቱን አሳርፈሽ ትንሽ አቆዪው፤ አሮጌውን ንብርብር አብሮ ያነሳልሻል። አንዳንዴ ከታቀደው ሥራ ይልቅ ይሄኛው ያምራል።

ጥያቄ፦ ፕሬስ (ወረቀቱን የሚጫን ማተሚያ ማሽን) የለኝም።

መልስ፦ የማንኪያ ጀርባና ስስ ወረቀት ይበቃሃል። ከመሃል ወደ ዳር እሸው። አንዱን ጠርዝ እንደያዝክ ሌላውን ገለጥ አድርገህ እይ፤ የሳሳበት ቦታ ካለ መልሰህ እሸው።

ጥያቄ፦ የጻፍኩት ፊደል ተገልብጦ ታተመ። ደግሞስ ቁጥር የምጽፈው የት ነው?

መልስ፦ ሁሉም ነገር ግራ ቀኙ ይዞራል። ፕሌትህ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ጽሑፉን በስስ ወረቀት ጽፈህ ገልብጠውና ከሥሩ አድርገህ ተከተለው። ፊርማህን ግን ፕሌቱ ላይ አታስገባው። ህትመቱ ሲደርቅ ከምስሉ በታች በእርሳስ ጻፍ፦ በግራ 1/1 (አንድ ብቻ የታተመ ማለት ነው)፣ በቀኝ ፊርማህን።