አስመሳዩ እንክብል ቢደርሰኝስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በእግሬ አውራ ጣት ሥር ጎብጦ የወጣውን አጥንት ለማስተካከል የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞልኛል። ሐኪሜ አዲስ የሕመም ማስታገሻ በሚፈተንበት ጥናት እንድሳተፍ ጠይቆኛል፤ ነገር ግን ከተሳታፊዎቹ ለአንዳንዶቹ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ እንክብል እንደሚሰጥ ቅጹ ላይ አነበብኩ። ዕጣው ለእኔ ቢወጣ ሕመሜን ታቅፌ ላድር ነው?

መልስ፦ አያድሩም። ለምሳሌ ሱዜትሪጂን የተባለው ማስታገሻ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ከመፍቀዱ በፊት፣ የእርስዎን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ከ1,000 በላይ ሰዎች ላይ ተፈትኗል፤ በዚያ ጥናት ማናቸውም ተሳታፊ ሕመሙ ሲበረታበት አይቡፕሮፌን ጠይቆ መውሰድ ይችል ነበር። የእርስዎም ቅጽ ይህን የመሰለ ተጨማሪ ማስታገሻ መኖሩን በግልጽ ሊጽፍ ይገባል።

አስመሳዩ እንክብል የሚያስፈልገው የቀዶ ሕክምና ሕመም በራሱ ጊዜ እየቀለለ ስለሚሄድ ነው፤ ማነጻጸሪያ ከሌለ መድኃኒቱ ያቃለለውን ሕመም ጊዜ ካቃለለው መለየት አይቻልም። ሱዜትሪጂን በዚህ ንጽጽር ከአስመሳዩ በግልጽ ቢበልጥም፣ ከተለመደው የሃይድሮኮዶን (ኦፒዮይድ ከሚባሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች አንዱ) እና የፓራሲታሞል ቅይጥ አልበለጠም። ሆኖም ሕመሙን የሚገታው በአንጎል ውስጥ ሳይሆን መልእክቱን በሚያደርሱት ነርቮች ላይ ስለሆነ፣ እንደ ኦፒዮይድ ሱስ ያስይዛል ተብሎ አይጠበቅም፤ እኔም ትልቁን ጥቅሙን የማየው እዚህ ላይ ነው።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የጥናቱ ሰዓታት ነርሷ እየተመላለሰች ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር እንዲነግሯት ትጠይቅዎታለች። እኛ ደግሞ ጥርሳችንን ነክሰን «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት ይቀናናል። ለጠያቂ ዘመድ ያምር ይሆናል፤ እዚያ ግን መለኪያው የእርስዎ ቃል ብቻ ስለሆነ፣ 7 የሆነውን ሕመም 3 ብለው ከነገሯት እርስዎም ማስታገሻ ሳያገኙ ይቆያሉ፣ ጥናቱም የተሳሳተ ቁጥር ይመዘግባል።

ቅጹ በሚገባዎት ቋንቋ እንዲብራራልዎ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ከፈረሙ በኋላም በማንኛውም ሰዓት መተው ይችላሉ፣ ሕክምናዎም በዚህ ምክንያት አይጓደልም። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ግን አይቡፕሮፌን ሊጎዳዎት ስለሚችል፣ በምትኩ ምን እንደሚሰጥዎ ከመፈረምዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።