«ደበረኝ» ብቻ ለሚል ልጅ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ፈርሶ አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ተከራይተን ነው ያለነው። ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን ደርግሞ ይገባል፣ ታናሽ እህቱ ላይ ይጮኻል። ምን ሆንክ ስለው መልሱ «ደበረኝ» ብቻ ነው። አባቱ «ወንድ ልጅ አይደለህ፣ ቻለው!» ይለዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከ«ደበረኝ» ልጀምር። እኔ ጋ የሚመጡት የእሱ እኩዮችም ይችኑ ቃል ይዘው ነው የሚመጡት። መሰልቸቱም፣ ንዴቱም፣ ሐፍረቱም፣ ናፍቆቱም «ደበረኝ» ነው። መፍትሔያቸው ግን ይለያያል፤ የናፈቀው ጓደኛው ጋ ይደውላል፣ የተናደደው ወጣ ብሎ ይራመዳል፣ ያፈረ ደግሞ የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል። ስሙ ያልተለየ ስሜት በር ላይ ይወጣል። ስሙን መጥራት ብቻውን እንኳ በረድ ያደርጋል።

እየጮኸ ሳለ ግን አይጠይቁት። በጉርምስና ስሜት ቶሎ ይግላል፤ የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገና እየበሰለ ነው። በዚያች ሰዓት ምክር ጆሮው አይገባም። ትንፋሹን ስቦ ቀስ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ ያውጣ፤ አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል። ወሬው ማታ ይደርሳል፣ ሽንኩርት እየከተፉ ወይም አብራችሁ ዳቦ ልትገዙ ስትወጡ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ምርመራ የሚወድ ጎረምሳ አላየሁም። «የሰፈር ልጆች ናፍቀውህ ነው ወይስ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር አለ?» ይበሉት። «አይ፣ እሱ አይደለም» ካለዎትም ማውራት ጀምሯል። የራስዎንም ይንገሩት፦ «እኔም ቡና የምንጣጣቸውን ሳስብ ሆዴ ይብሰኛል።»

እኔ የምጠረጥረው ሰፈሩን ነው። አብሯቸው ኳስ የሚጫወታቸው ልጆች የት ገቡ? አንድ ቅዳሜ ያገናኟቸው።

አባትየው ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ እሱም «ቻለው» እየተባለ ያደገ ይሆናል። ብቻ የታፈነው አንዳንዴ ራስ ምታትና ሆድ ቁርጠት ሆኖ ይመለሳል። መናደድ ይፈቀድለት፤ እህቱን መማታት ግን አይፈቀድም። ስልኩ ማታ ሳሎን ይደር፣ በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል።

ሁለት ሳምንት አልፎም ከሰው ከራቀ፣ ምግብና እንቅልፍ እምቢ ካለው ወይም ትምህርቱን ከተወ፣ በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ስለ መሞት ካወራ ወይም ራሱን ከጎዳ ግን ዕለቱን ሆስፒታል ይውሰዱት፣ ብቻውንም አይተዉት። አማኑኤል ሆስፒታል ከላኳችሁ አይደንግጡ፤ ስሙን መሳደቢያ ያደረግነው እኛው ነን።