«ጡረታ ወጣ» ወይስ «ጫማውን ሰቀለ»?

ጥያቄ፦ ስለ ቀድሞው የባርሴሎና አምበል ስለ ካርልስ ፑዮል አጭር ጽሑፍ ሳዘጋጅ «በ2014 ጡረታ ወጣ» ብዬ ጻፍሁ። አንዱ ጓደኛዬ «ጫማውን ሰቀለ» በል አለኝ፤ ሌላው ይህ የባዕድ አባባል ስለሆነ «ራሱን አገለለ» ይሻላል ባይ ነው። የትኛው ይስማማል?

መልስ፦ «ጡረታ» ያለ ቦታው ሲውል ማየት ዘወትር ስለሚቆረቁረኝ ከእርሱ ልጀምር። ግንዱ «ጦረ» ነው፤ ይህም «ተሸከመ» ከሚለው ከግእዙ «ጾረ» የመጣ ነው። የግእዙ ጸ በአማርኛ ጠ መሆኑ በ«ጾም» እና «ጦም»፣ በ«ጸጉር» እና «ጠጉር» የታወቀ ነው፤ ከ«ዋለ» «ውለታ» እንደተገኘ ሁሉ ከ«ጦረ»ም «ጡረታ» ተገኘ። ስለዚህ ቃሉ በመሠረቱ ሥራ ማቆምን ሳይሆን የደከመን ሰው ተሸክሞ ማኖርን ይናገራል። ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው በዚሁ ፍቺው ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «በጡረታ ተገለለ» ሲል ሁለቱን ነገር ለይቶ ያስቀምጣል፤ «ተገለለ» የሆነውን ድርጊት፣ «በጡረታ» ደግሞ ሰውየው ከዚያ በኋላ የሚተዳደርበትን ይነግረናል። «ጡረታ ወጣ» በሚለው ግን መተዳደሪያው የድርጊቱን ቦታ ወስዶ ተቀመጠ።

አሁን ይህን ቃል ፑዮል ላይ ያድርጉትና ይመልከቱት። መጫወት ያቆመው በ36 ዓመቱ ነው፤ በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በ60 ነው። ከ1999 ጀምሮ ለ15 የውድድር ዘመናት በአንድ ክለብ 593 ጨዋታዎችን ያደረገውን ሰው ያስቆመው ጉልበቱ ነው። አማርኛችን ብርታትንም መገጣጠሚያውንም «ጉልበት» ስለሚል እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የከዳው መገጣጠሚያው እንጂ ብርታቱ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የክለቡ የስፖርት ዳይሬክተር ረዳት ሆኖ ሥራ ጀምሯልና። እንዲያውም በ2011 ዌምብሌይ ላይ ባርሴሎና ማንችስተር ዩናይትድን 3 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን፣ አምበሉ ፑዮል ዋንጫውን ራሱ በማንሣት ፈንታ፣ ከሁለት ወር ገደማ በፊት የጉበት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ለኤሪክ አቢዳል የአምበልነቱን ጨርቅ በክንዱ ላይ አስሮለት እርሱ እንዲያነሣው አደረገ። «ጦረ» የሚለው ግስ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚስማማ ከሆነ፣ ጧሪ ሊባል ይገባዋል እንጂ ተጧሪ አይባልም።

ቃል ከሥሩ ርቆ ቢሄድ ምን አለበት፣ ጡረታም ሰፍቶ ማንኛውንም ሙያ መተውን ይሸፍናል የሚሉ አሉ። ቃል እንደሚሰፋ አልክድም፤ ነገር ግን «ጡረተኛው ተከላካይ» ተብሎ የተጻፈ ያነበበ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው የጡረታ ደብተሩን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ አዛውንት ነው። «የቀድሞው ተከላካይ» ማለት እያለ ይህን ለምን እንመርጣለን?

«ራሱን አገለለ» ንጹሕ አማርኛ ነው፤ ከ«ገለል በሉ» ጋር አንድ ቤት ነው። ጉድለቱ ከምን እንዳገለለ ካልተነገረ አለመሙላቱ ነው፤ ተጫዋች በክለቡ እየተጫወተ ራሱን ከብሔራዊ ቡድን ብቻ የሚያገልበት ጊዜ አለና። «ተሰናበተ» ከሚለው ደግሞ ይራቁ። «ከሥራ ተሰናበተ» ማለት ተባረረ ማለት ስለሆነ፣ ፑዮል በመጋቢት 2014 ክለቡን እንደሚለቅ ራሱ ሲያስታውቅ ውሉ ሁለት ዓመት ይቀረው እንደነበር የሚያውቅ አንባቢ፣ ክለቡ እንዳባረረው አድርጎ ሊረዳው ይችላል።

«ጫማውን ሰቀለ» ከውጭ የመጣ ነው የሚሉትን አልሞግታቸውም፤ እንግሊዞችም ስፔኖችም ይህንኑ ይላሉ፣ ማስረጃውም ከእነርሱ ጋር ነው። እኔ ግን እወደዋለሁ። አርበኛ ከዘመቻ ተመልሶ ጋሻውን ከግድግዳው ላይ ሲሰቅል ማየት ለለመደ ሕዝብ ይህ አባባል ቤት ያፈራው እንጂ እንግዳ መስሎ አይታየኝም፤ ለተከላካይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ጫማ እዚህ ላይ የሙያው ሁሉ ምልክት ነው። ፑዮል ለስፔን ከተሰለፈባቸው 100 ጨዋታዎች ዋነኛው በሆነው በ2010 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ደርባን ላይ በ73ኛው ደቂቃ ከቻቪ የማዕዘን ምት ጀርመን ላይ ያገባት ግብ በጭንቅላት የተገጨች ብትሆንም፣ ጫማውን ሰቀለ ስንል ያችም አብራ ትሰቀላለች።

«ጡረታ ወጣ» ዛሬ በሬዲዮም በጋዜጣም ለስፖርተኛ መነገሩን እሰማለሁ፤ ተማሪ ቢጽፈው ነጥብ አልቀንስበትም፤ ልማዱ ቀድሞኛል። እርስዎ ግን ምርጫው በእጅዎ ስለሆነ «ፑዮል በ2014 ክለቡን ለቀቀ፤ ጫማውንም ሰቀለ» ብለው ቢጽፉ ደስ ይለኛል።